በደሳለው ስም የተለቀመ ቦሎቄ

«እሷ ሥራ የላትም» አለ ደሳለው፣ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዛወረ። «ቤት ነው ያለችው። እሷን እለፊያት።»

ሰርካዲስ ጣቷን ከታብሌቱ ላይ አነሳች። እለፊያት የተባለችው ሴት ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ መሬት በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ እግሯን ዘርግታ ቦሎቄ ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ሁለቴ ነቅነቅ ታደርግና ጠጠሩን ቆንጥራ ወደ ግራ፣ ስባሪውን ወደ ቀኝ፣ ነቀዝ የበላውን ወደ እግሯ ሥር ትጥላለች። ስለ እሷ ሲወራ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ከይሪያ ትባላለች፤ የደሳለው ሚስት ናት። ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፈው ስምንት ጆንያዎች ቆመዋል። በእያንዳንዱ ላይ በጥቁር ቀለም «ደሳለው» የሚል ስም ከነቁጥሩ ተጽፏል።

«እርስዎስ?» አለች ሰርካዲስ። «ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ፣ ለትርፍ ወይም ለቤተሰብ ገቢ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል?»

«በደንብ እንጂ። ጥራጥሬ ማበጠር ነው ሥራዬ። የግል።»

«በሳምንቱ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

ደሳለው ጆንያዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። «ስልሳ በይው» አለና የመፋቂያውን ጭራሮ ቱፍ ብሎ ተፋው። ጭራሮው ሄዶ የተለቀመው ቦሎቄ ላይ አረፈ። ከይሪያ አንስታ ጣለችውና ሥራዋን ቀጠለች።

ሰርካዲስ ተጸየፈችው። ስልሳ ሰዓት ሠራሁ ያለውን ሰውዬ እጅ አየች። መዳፉ የሕፃን መዳፍ ይመስል ለስልሷል፤ የትንሿ ጣቱ ጥፍር ደግሞ አድጋ ጫፏ ወደ ውስጥ ቆልመም ብላለች። ያቺ ጥፍር አንድ ቀን ቦሎቄ ብትነካ ኖሮ ተሰብራ ነበር። ቢሆንም ታብሌቱ ላይ ስልሳ ብላ ጻፈች። መጠይቅ የተነገረውን መጻፍ ነው እንጂ ጥፍር መመርመር አይደለም።

የቦሎቄው ሥራ በዚህ መንደር እንዲህ ነው። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያሉት ቤቶች በአብዛኛው ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች የተከራዩአቸው ሲሆኑ፣ የቀሩት ግቢዎች የነባር ነዋሪዎች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን የነጋዴው አይሱዙ ይመጣና በየግቢው ያልተለቀመ ቦሎቄ አራግፎ የተለቀመውን ጭኖ ይሄዳል። የሚለቅሙት ሴቶቹ ናቸው፤ አንድ ወንድ ሰፌድ ይዞ ሲቀመጥ ያየ የለም። የነጋዴው ሰው ግን የሚያውቀው አባወራውን ብቻ ነው። ጆንያው ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም፣ ፊርማው የአባወራው፣ ክፍያውም በአባወራው እጅ። ነገሩ ሲጀመር ማን እንዲህ ይሁን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ለምዶታል።

ሰርካዲስ ከደሴ ነው የምትመላለሰው። ለአንድ ወር በተከፈተው የሥራ ኃይል ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆና ስለተቀጠረች፣ በየጧቱ ከደሴ ብርድ በሚኒባስ ተነስታ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል እየወረደች ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ትገባለች። ጥናቱ የሚፈልገው በአገሩ ካለው ወንድና ሴት ስንቱ እንደሚሠራ፣ ስንቱ ሥራ እንደሚፈልግ፣ ስንቱ ደግሞ ከነጭራሹ ከሥራው ዓለም ውጭ እንደሆነ ማወቅ ነው። እሷም ራሷ እስከ ባለፈው ወር ከሦስተኞቹ ወገን ነበረች። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሙሉ ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው በወንድሟ በአቤ ቤት ኖራለች። በነዚያ ዓመታት የወንድሟን ልጆች አጥባ አብልታለች፣ አቤ ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር ሱቁን ከፍታ ሸጣለች፣ ማታ ሒሳቡን አስረክባለች። እንግዳ ሲመጣ ታዲያ አቤ «ሰርኬማ ተመርቃ ቁጭ ብላለች» ይላል። ያቺን «ቁጭ» የምትል ቃል በሰማች ቁጥር ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

አሁን ግን በር ሊከፈትላት ነው። ተቆጣጣሪዋ በላቸው ከስድስቱ መረጃ ሰብሳቢዎች የሁለቱን ስም ዛሬ ማታ ይልካል፤ ስማቸው የተላከላቸው በየሩብ ዓመቱ ለሚካሄደው ጥናት የአንድ ዓመት ኮንትራት ይፈርማሉ። ሰርካዲስ የምትከራየውን ክፍል ሳይቀር አይታ መጥታለች። ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ አንድ መስኮት ያላት፣ በሯ በራሷ ቁልፍ የምትዘጋ ክፍል ናት።

«በሉ እንግዲህ ባለቤትዎን ራሷን ልጠይቃት» አለች ወደ ከይሪያ ዞር ብላ።

«ጠይቂያት፤ ማን ከለከለሽ» አለ ደሳለው ሳቅ እያለ።

ሰርካዲስ ጥያቄውን እንደተጻፈ አነበበችላት። ከይሪያ ሰፌዱን ማንቀጥቀጥ አቆመች። ባሏን ሳይሆን ጆንያዎቹን አየችና «እኔ ምን ሥራ አለኝ እህቴ፤ ቤት ነኝ» አለች። ይህን ብላ ከሰፌዱ ላይ አንድ ጠጠር ቆንጥራ ጣለች።

በዚህ መንደር ሰርካዲስ ይህን መልስ ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አሥር ሴቶች ባሎቻቸው ፊት አንድ በአንድ ይህንኑ ብለዋታል፤ አሥሩም ሲሉት እጃቸው ሥራ ላይ ነበር። መፍትሔውንም አግኝታለች፤ ባሎቻቸው ሲወጡ እየተመለሰች አሥሩንም ለብቻቸው ጠይቃቸዋለች። የከይሪያን መልስ ሳትመዘግብ ታብሌቱን ዘጋች፣ ተመልሳ እንደምትመጣ ተናገረችና ወደ ጎረቤት ግቢ አለፈች። ዕለቱ ዓርብ ነው። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ወንዶቹ ተጣጥበው ለጁምዓ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ግቢው የሴቶቹ ይሆናል።

ስትመለስ ደሳለው ሄዷል። ሰርካዲስ ጫማዋን አውልቃ ማዳበሪያው ላይ ከከይሪያ ትይዩ ተቀመጠች፤ አንድ ሰፌድ ጎትታም መልቀም ጀመረች። በዚህ መንደር የተማረችው ይህንን ነው። እጅሽን ከሥራው ካላስገባሽ አፍ አይከፈትልሽም። ደቂቃም ሳይቆይ የቦሎቄው አቧራ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፣ ጣቷ ጫፉ ላይ መቆጥቆጥ ጀመረ።

«ስባሪውን አትለፊው» አለቻት ከይሪያ። «አንድ ስባሪ ከተገኘበት ኩንታሉን እንዳለ ይመልሰዋል።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ለቀምሽ?»

«ሰዓት አላውቅም እኔ። ሱብሒ ሰግጄ እቀመጣለሁ፤ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ለማሰናዳት እነሳለሁ፣ መልሼ እስከ ዙህር። ከዙህር እስከ ዐስር። መግሪብን ሰግደን ራት ከበላን ወዲያ ደግሞ መብራት ካለ እስከ ዒሻ፣ አንዳንዴም ከዒሻ አልፎ።»

ሰርካዲስ በጣቷ ሶላቶቹን ወደ ሰዓት መነዘረች። ምግብ ማብሰያውን፣ ውሃ መቅጃውን፣ ልጆች ማጠቢያውን ሁሉ ቀንሳ ለቦሎቄው ብቻ የቀረውን ደመረች። በሳምንት ስልሳ ስምንት ሰዓት መጣ። ድጋሚ ደመረችው፤ ያው ነው።

«ስልሳ ስምንት» አለቻት።

«ብዙ ነው እንዴ?»

«የመንግሥት ሠራተኛ አርባም አይሞላም።»

ከይሪያ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ላይ የኩራትም የድንጋጤም ነገር መጣና ሄደ። ደሳለው ክፉ ሰው እንዳልሆነ ሳትጠየቅ ነገረቻት። ከጦርነቱ በፊት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ኩንታል በትከሻው የሚወጣ ሰው ነበር። ሥራው ከቆመ ወዲህ ግን ወኔው ሟሟ። ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለው የሚመልሰው አንዳች ነገር ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው ቦሎቄው የሱ ሥራ የሆነው።

«አንቺስ?»

«እኔማ ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ይልቅ አንቺ፣ ሌላውም ቦታ ሴቶቹን እንዲህ ቁጭ ብለሽ ነው የምትጠይቂያቸው?»

«አዎ» አለች ሰርካዲስ።

ውሸቷን ነበር። ሥራውን በጀመረችበት ሳምንት ደጋን የምትባል ትንሽ ከተማ ተመድባ ነበር። ፀሐዩ ከርሮ፣ በላቸው «ፍጠኚ፣ ሌሎቹ ጨርሰዋል» እያለ ሲደውልባት፣ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገብታ አረፍ አለች። ወንዶቹ ተሰብስበዋል። ሻይ ጋበዟት፤ እሷም አሥራ ስድስት ቤት ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳትነሳ ሞላች። የእከሌ ሚስት? ቤት ናት። የእከሌስ? እሷም ቤት ናት። አንድ ወጣት ስለ እናቱ ሲጠየቅ «እማ አርጅታለች፣ አትሠራም» አለ። በዚያው ቅጽበት እናቱ የተጠበሰ በቆሎ በሳህን ይዛ፣ የቆመ አውቶቡስ መስኮት ለመስኮት ትሮጥ ነበር። ሰርካዲስ ሴትዮዋን ጠርታ አንድ ራስ በቆሎ ገዛቻት። በቆሎውን በግራ እጇ ይዛ እየጋጠች፣ በቀኝ እጇ «አትሠራም» የሚለውን ነካች።

ያን ቀን አልተሰማትም። እንዲያውም በላቸው «ጎበዝ ልጅ» ብሏት ደስ ብሏት ነበር። አሁን፣ ይቺ የሷን እጅ ከሰፌዱ ላይ አይታ ያመነቻት ሴት ፊት፣ ራሷን ተጸየፈች። እንደ ደሳለው ጭራሮ ያለ ነገር ከራሷም አፍ የወጣ መሰላት። እውነቱን ለመናገር ግን አፏን አልከፈተችም፤ ሰፌዷን ነቅነቅ አድርጋ መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ እጇን አራግፋ የከይሪያን መልስ ሞላች። ሥራ፦ ጥራጥሬ ማበጠር። ሰዓት፦ ስልሳ ስምንት። የመለሰችው፦ ራሷ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፤ በላቸው ነው። የመንደሩን ሠላሳ ቤት መረጃ እንዳየው፣ ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሠራተኛ እንደሆኑ፣ ይህ ቁጥር ወደ ላይ ቢሄድ እንደሚያስጠይቀው ተናገረ። ከሠላሳው ቤት ጥቂቱን ተቆጣጣሪ በድጋሚ መጠየቅ ስላለበት አሁኑኑ እንደሚመጣ፣ ከደሳለው ቤት እንደሚጀምርም አስታወቃት። ሰርካዲስ ደስ አላት። ይምጣና በዓይኑ ይየው አለች በልቧ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በባጃጅ መጣ። በላቸው ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ እስክሪብቶ በኪሱ የሚሰካ፣ ሥልጠናውንም የሰጣቸው ሰው ነው። «አንዲት ሰዓትም ብትሆን፣ ያለ ክፍያም ቢሆን፣ የቤተሰብን ሥራ ያገዘ ሰው ሠራተኛ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈላቸው እሱ ነው። ሰርካዲስ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛታለች።

ደሳለው ከጁምዓ ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጉንጩን ወጥሮ ነበር። እንግዳውን ሲያይ በአክብሮት ተነሳ፤ መቀመጫ ፈልጎ ቢያጣ «እዚህ ላይ አረፍ በል ወንድሜ» ብሎ አንዱን ጆንያ አሳየው። በላቸው ከይሪያ በለቀመችው ኩንታል ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ከይሪያ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ኩንታሉን አየች፤ የሚጨፈለቀው ስባሪ እንደሚሆን፣ ስባሪውም እንደገና እንደሚለቀም ሰርካዲስ ገባት።

በላቸው ለደሳለው የሱን ጥያቄ በጥድፊያ አነበበለት። ስልሳ ሰዓት ሲባል አንገቱን ነቀነቀና አለፈ፤ ስልሳው አላስገረመውም። ከዚያ «ባለቤትህስ?» አለ።

«ቤት ናት» አለ ደሳለው፣ በጫት በጎበጠ ጉንጩ።

«ራሷን ይጠይቋት እንጂ ጋሽ በላቸው» አለች ሰርካዲስ።

በላቸው ቅር እያለው ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረ። ጥያቄውን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ፊደል ሳያጓድል፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ከይሪያ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ግቢው ውስጥ ሁለት ወንዶች እያዩአት ነው፤ አንዱ ባሏ ነው።

«ሥራ የለኝም» አለች። «የሱን ሥራ ማገዝ ነው እንጂ» ስትል ጨመረች።

በላቸው ጣቱ ሳይንቀጠቀጥ ታብሌቱን ነካ። ሰርካዲስ አየችው፤ የነካው «አትሠራም» የሚለውን ነው።

«ማገዝ ብላለችኮ» አለች። «በመመሪያው ማገዝ ሥራ ነው።»

«ሌላ ቦታ እንነጋገራለን» አለ በላቸው ከጆንያው ላይ እየተነሳ፣ ሱሪውን ከኋላ እያራገፈ።

ከግቢው ወጥተው እሱ ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ራመድ ሲል፣ ከይሪያ የታብሌቱን ሽፋን ይዛ ተከትላ መጣች። ሰርካዲስ ማዳበሪያው ላይ ረስታው ነበር። ከይሪያ ሽፋኑን ሰጠቻት፤ አልተመለሰችም ግን። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«አዝነሽብኛል» አለች።

«አላዘንኩም።»

«የባሌን ፊት እንግዳ ፊት አላዋርድም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ነገ እሱ ነው አብሮኝ የሚውለው፣ እናንተ አይደላችሁም። የቀትሩ ግን ወላሂ እውነት ነው። ያኔ የጻፍሽው፣ ያ ስልሳ ስምንት ያልሽው... እሱ ሐቄ ነው። የትም ይድረስ፣ ማንም አያንብበው፤ አንቺ ግን አትፋቂብኝ።»

ሰርካዲስ «አልፍቀውም» አለቻት። ይህን ስትል የሚከተለውን ነገር በቅጡ አላሰበችበትም ነበር። ከይሪያ «አላህ ይስጥልኝ» ብላ እየተቻኮለች ተመለሰች።

በላቸው መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ወሰዳት። አስተናጋጇ ማኪያቶ ይሁን ብላ ስትጠይቀው ፊቱን አኮሳተረ፤ ዓርብ መሆኑን አስታወሳት፣ ወተት የነካ ማንኪያ እንኳ ሻዩ ውስጥ እንዳይገባ አስጠንቅቆ በውሃ የታጠበ ማንኪያ አስመጣ። ሻዩን አማሰለ፣ አማተበ፣ ፉት አለ። ከዚያ በዚያው አፉ ሥራውን ጀመረ።

«አሥራ አንድ ሴት አለሽ። ቦሎቄ ለቃሚ ያልሻቸው። ወደ የቤት እመቤት ትመልሺያቸዋለሽ፤ እዚሁ ቁጭ ብለሽ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።»

«ሥራቸውን አይተውታል ጋሽ በላቸው። ተቀምጠውበታል እኮ።»

«እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በሌሎቹ ልጆች መንደር ከመቶ ሴት ሃምሳ ናት የምትሠራው። ያንቺ ዘጠና። ላይ ያለው ሰው ምን ይላል? ልጅቷ ከራሷ ፈጥራ ሞላች ይላል። አንቺን ብቻ መሰለሽ? እኔንም ነው የሚጠይቁኝ።»

«የሌሎቹ ሃምሳ የሆነው ወንዶቹን ስለጠየቁ ነው።»

«እና?» አለ በላቸው። ፈገግ እንደማለት አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

በገዛ ቀልዱ ሳቀ። የሻዩ እንፋሎት መነጽሩን አደብዝዞት ነበር። ሰርካዲስ ፊቱን አየችው። ደሳለውን ጧት ተጸይፋው ነበር፤ ደሳለው ግን ቢያንስ መጽሐፍ አላነበበም። ይህኛው ያውቃል። ማገዝ ሥራ መሆኑን ጽፎ ያስተማረ ሰው ነው፤ ለማንኪያ ይጠነቀቃል፣ ለአሥራ አንድ ሴቶች ሳምንት ግን ጣቱ አይንቀጠቀጥም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሷም ይህንኑ ማድረጓ ነው። ደጋን ላይ ጣቷ አልተንቀጠቀጠም ነበር።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባታዊ በሆነ ድምፅ። «ሁለት ስም ነው የምልከው። ያንቺን አስቀድሜ ጽፌዋለሁ፤ ጎበዝ ስለሆንሽ። የደጋኑን እንዴት አሳምረሽ እንደሠራሽው ለኃላፊዎቹ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። አሁን በዚህች ትንሽ ነገር አታሰርዢኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይድረሰኝ።»

ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ሰርካዲስ ብቻዋን ቀረች።

ታብሌቱን ከፈተች። በላቸው እንድታርመው የመለሰላት የአሥራ አንዱ ቤት ዝርዝር በተርታ መጣ፤ ነጂባ፣ ፋኢዛ፣ ከይሪያ... ከያንዳንዷ ስም አጠገብ የሰዓት ቁጥር አለ። መቀየሩ ቀላል ነው። አንዴ መንካት፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲል አዎ ማለት። ባለ አንድ መስኮቷ ክፍል ትዝ አለቻት፤ ቁልፏ ሳይቀር በእጇ የገባ መሰላት። ደግሞ አቤ ለእንግዳ «ሰርኬ ኮንትራቷ አለቀና ቁጭ ብላለች» ሲል ታያት። ትፈራዋለች ያንን። ሳንዋሽ እንንገራችሁ፣ ጣቷ የከይሪያ ስም ላይ ሁለት ጊዜ አርፎ ሁለት ጊዜ ተነስቷል።

«የደጋኑን አሳምረሽ» ያለው ቃል ነው አልዋጥ ያላት። ስድብ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የተመሰገነችበት ይህ ነው፤ የሴትዮዋን በቆሎ እየበላች ሴትዮዋን አትሠራም ብላ የጻፈችበት። ነገ ኮንትራት ቢሰጣትም የሚሰጣት ለዚያ ነው። ይህን ስታስብ ሻዩን መጨረስ አቃታት፤ ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋችው።

ማስታወሻ መጻፊያው ላይ «አሥራ አንዱም ሴቶች ራሳቸው ተጠይቀው የመለሱት ነው፤ ሥራቸውንም አብሬ ሠርቼ አይቻለሁ» ብላ ጻፈች። ምንም ሳትቀይር መልሳ ላከችው። ከዚያ ለበላቸው ደወለች።

«ጨረስሽ?» አለ።

«ልኬዋለሁ ጋሽ በላቸው፤ እንዳለ ነው የላኩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። የደጋኑን አሥራ ስድስት ቤት ይመልሱልኝ፤ ስህተት አለበት። ስህተቱ የኔ ነው።»

በላቸው ተቆጣ። አብዳ እንደሆነ ጠየቃት። የደጋኑ ጸድቆ እንዳለቀ፣ መልሶ ቢከፍተው እሱም አብሮ እንደሚጠየቅ፣ ስሟን በዚህች ደቂቃ እንደሚሰርዘውም ነገራት።

«ይሰርዙት» አለች። «ካልከፈቱልኝ ግን በወረቀት ሞልቼ ለቢሮው አስገባዋለሁ። ማን እንዳስቸኮለኝም እጽፋለሁ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ገና ተንቀጠቀጠ። ደስታ አልተሰማትም፤ በራሷ ላይ የነበራት መጸየፍ ግን ትንሽ ረገብ አለላት።

መናኸሪያው ውስጥ የደሴ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ በየቀኑ ስለሚያያት ያውቃታል፤ «ነይ እህቴ፣ ቦታሽ ይኸው» ብሎ በሩን ያዘላት። ሰርካዲስ ወንበሩን አየች። ከዚያ አልፋው ሄዳ፣ ማዶ በኩል ገና ግማሽ ወደሞላችው ሚኒባስ ገባች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

«የት ነሽ?» አላት የዚህኛው ረዳት።

«ደጋን» አለች፤ ከቦርሳዋም ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። አውቶቡሶች ማታ ማታ እዚያ መቆማቸውን ታውቃለች፤ ሴትዮዋ አሁንም ከመስኮት መስኮት እየሮጠች ትሆናለች። ዛሬ በቆሎውን ከመግዛቷ በፊት ትጠይቃታለች።